ግማሹን ቀን ክንድ ላይ የሚውል ጃኬት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና፣ አንዲት ሴት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለታክሲ ስትሰለፍ የሚያስፈልጋት ልብስና ቀን 7 ሰዓት ላይ ለምሳ ስትወጣ የሚያስፈልጋት ልብስ ለየቅል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የንጋቱ ብርድ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ ያድርና በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ የተነሣ እዚህ ከተማ ጃኬት በእርግጥ የሚለበሰው ጠዋት ለሁለትና ለሦስት ሰዓት፣ ከዚያም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ክንድ ላይ፣ የወንበር መደገፊያ ላይ ወይም ቦርሳ ውስጥ ያሳልፋል። ስንገዛ ግን መስታወት ፊት ቆመን፣ ለብሰነው እንዴት እንደምንታይ ብቻ እናያለን። እኔ ከብዙ ግዢ በኋላ የደረስኩበት እምነት፣ ቀለል ያለ የሴት ጃኬት ሲመረጥ በማይለበስባቸው ሰዓታት የሚኖረው ጠባይ አብሮ መታየት አለበት የሚል ነው።

ይህን ያስተማረኝ ከአራት ዓመት በፊት የገዛሁት፣ ውስጡ ወፍራም ገበር ያለው ጥቁር ጃኬት ነው። ስፌቱ የተዋጣለት፣ ቅርጹም የሚያምር ስለነበር በደስታ ነበር የገዛሁት። ሆኖም ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ላብ ያጠምቀኛል፤ ሳወልቀው ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ አይገባም፣ ክንዴ ላይ ሳደርገው እንደ ብርድ ልብስ ይከብዳል። አንድ የጥር ቀን ይዤው መዞሩ ስለታከተኝ ቢሮ ትቼው ወጣሁ፤ ጉዳዬ ሳያልቅ መሸና እየተንቀጠቀጥኩ ቤቴ ገባሁ። እናቴ አይታኝ «ነጠላ ቢሆን ኖሮ ትከሻሽ ላይ ጣል ታደርጊው ነበር እኮ፣ ልጄ» አለችኝ።

ይህ ቃሏ ከአእምሮዬ አልወጣም። ነጠላ ሁለት ስስ ንብርብር፣ ጋቢ ደግሞ አራት ንብርብር ነው፤ ጋቢ ለብሶ ሥራ የሚሄድ የለም፣ ነጠላ ግን ሲበርድ ይከናነቡታል፣ ሲሞቅ ትከሻ ላይ ይለቁታል፣ ባይፈለግም አጥፈው ይይዙታል። እናቶቻችን ለዚህ አየር የሚስማማውን መልስ ቀድመው አግኝተውታል። ስስ ጃኬት በሥራ ቀን የነጠላን ቦታ የሚይዝ ልብስ ነው ብዬ ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ሱቅ ገብቼ የማነሣውም የምተወውም ተለውጧል።

ከሁሉ በፊት የማየው ክብደቱን ነው። ቤቴ ባለው የወጥ ቤት ሚዛን ጃኬቶቼን አንድ በአንድ መዝኛቸው ነበር፤ ጂንሱ ወደ 900 ግራም ሲመዝን፣ ከስስ የጥጥ ካኪ የተሰፋው ግን 450 ግራም ገደማ ሆነ። ሁለቱን ለብሼ ስቆም ልዩነቱ ብዙም አይሰማኝም፤ ከመገናኛ ተነሥቼ ሁለት ታክሲ ስቀያይር ግን ክንዴ በሚገባ ያውቀዋል። ጂንስ መጀመሪያውኑ ለጉልበት ሥራ የተመረጠ ጨርቅ በመሆኑ ጥንካሬው የሚመጣው ከውፍረቱ ነው። ስለዚህ ጂንስ የምትወድ ሴት ጨርቁ ሳሳ ያለውንና ገበር የሌለውን ብትፈልግ ይበጃታል። ካኪ ጥጥ ለእኔ ከሁሉም ይሻለኛል፤ አየር ያስገባል፣ ጠዋት ብርዱን ይከላከላል፣ ታጥፎም ቦታ አይፈጅም። ናይለን እጅግ ቀላል ነው፣ ንፋስንም ያቆማል፤ ነገር ግን ላብን ስለማያሳልፍ ባዶ ክንድ ላይ ሲለበስ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ከሥሩ እጅጌው ረዘም ያለ የጥጥ ልብስ ይፈልጋል። ከተልባ እግር የተሠራው ደግሞ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ቢኖረውም አንዴ ከታጠፈ ተጨማዶ ይቀራል፤ ግማሹን ቀን ቦርሳ ውስጥ ለሚውል ጃኬት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሱቅ ውስጥ የእጅጌውን ጫፍ በጡጫ ጨብጬ ሠላሳ ያህል እቆጥርና እለቀዋለሁ፤ ጭምዳዱ ወዲያው ካልተፈታ፣ ከቦርሳ ሲወጣም እንደዚያው እንደሚሆን አውቃለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ በእነዚህ ሁለት ወራት ናይለኑን ወይም ፖሊስተሩን አውጥቼ ጥጡን አስቀምጣለሁ። ለክረምት የሚሆነው ጃኬት ኮፍያ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። እግረ መንገዴን ልጥቀስ፦ ለድሬዳዋ ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ስስ ጃኬት ብቻውን አይበቃም።

ልኩን በሚመለከት ትከሻው ከሁሉ ይቀድማል። የእጅጌው ስፌት የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ሊያርፍ ይገባል፤ ወገብና እጅጌ በልብስ ሰፊ በቀላሉ ይስተካከላሉ፣ ትከሻን ማስተካከል ግን ጃኬቱን ፈትቶ እንደ አዲስ የመስፋት ያህል ነው። ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የተሠራውን ፋሽን አልነቅፍም፤ ይሁን እንጂ የሰፋ ጃኬት ታጥፎ የሚይዘው ቦታም የሰፋ ነው። ስትለኩት ሁለት እጃችሁን ወደፊት ዘርጉና የታክሲ መያዣ እንደምትይዙ አድርጉ፤ ጀርባው ከተወጠረ ወይም እጅጌው ከአንጓችሁ ብዙ ከሸሸ ተዉት። ለመለካት ስትሄዱ ጠዋት ጠዋት የምትለብሱትን ስስ ሹራብ ለብሳችሁ ሂዱ።

ኪስ ላይ የሴቶች ልብስ ሠሪዎች ይበድሉናል። ብዙው ኪስ ጣት እንጂ ስልክ አይይዝም፣ አንዳንዱም ቅርጹ ብቻ ተሰፍቶ አፉ የተዘጋ ነው። በታክሲ ግፊያ ውስጥ ስልክን በውጭ ኪስ መያዝ ስለሚያሠጋ፣ እኔ ጃኬት በገዛሁ ቁጥር ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በግራ በኩል ከውስጥ ዚፕ ያለው ኪስ አስገባበታለሁ። የኪሱን ጥግ በጣት መሳብም አይዘንጋ፤ ልብስ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ያዕቆብ ዴቪስ የተባለው ልብስ ሰፊና የጨርቅ ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1873 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኙትም የኪስን ጥግ በብረት ካስማ፣ ማለትም ጨርቁን ወግቶ በሚይዝ ትንሽ ችንካር፣ ለማጠንከር ባመጡት ዘዴ ነበር። ካስማ ባይኖረው እንኳ ጥቅጥቅ ያለ ድርብ ስፌት ሊኖረው ይገባል። ዚፑን ደግሞ አምስት ጊዜ ያህል ከፍታችሁ ዝጉት፤ በአዲስነቱ አልንቀሳቀስ የሚል ዚፕ እየዋለ ሲያድር አይሻሻልም።

አለባበሱን ስናስብም የሚያወልቁት ልብስ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ከሥሩ ያለው ልብስ ብቻውን ሙሉ ሆኖ መታየት ይኖርበታል። ጃኬቱ ይሸፍነዋል ተብሎ የተለበሰ የነተበ ቲሸርት ቀትር ላይ ያሳጣል። ወገብ ላይ የሚቀር አጭር ጃኬት ከረጅም ቀሚስና ወገቡ ከፍ ካለ ሱሪ ጋር ይስማማል፣ አጠር ያለችውንም ሴት ረዘም ያደርጋታል። ዳሌ የሚሸፍነው ደግሞ ከጠባብ ሱሪ ጋር ይሄዳል። ቦምበር የሚባለው ለአውሮፕላን አብራሪዎች የተፈጠረ በመሆኑ ሙቀት እንዳያመልጥ ወገቡና እጅጌው ላይ ላስቲክ አለበት፤ ከቀሚስ ጋር ሲለበስ ሆድ ላይ ያብጣል፣ ከጂንስ ሱሪና ከስኒከር ጋር ግን ያምራል። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ጂንስ ጃኬት መደረብ በወጣቶች ዘንድ እየታየ ነው። ጥልፉ ደረቱ ላይ የሆነ ቀሚስ በጃኬት ሲሸፈን የሸማኔውና የጠላፊዋ ድካም ይጠፋልና አልወደውም፤ ጥለቱ ከታች ጠርዙ ላይ ብቻ ከሆነና ጃኬቱ አጭር ከሆነ ግን እጅግ ደስ ይለኛል።

ለመጀመሪያ ጃኬት ጥቁር ሰማያዊ ወይም የወይራ ቀለም እመክራለሁ፤ ነጣ ያለው የመንገዱን አቧራ ከኮሌታውና ከእጅጌው ጫፍ ይሰበስባል። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ቀለም ቶሎ ትነጥቃለችና ታጥቦ ሲሰጣ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ጥላ ላይ ይሁን። ስታወልቁትም እንደዚሁ ገልብጡት፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከኮሌታው በኩል ብትጠቀልሉት ጭምዳዱም ይቀንሳል፣ አቧራውም የሚያርፈው በገበሩ በኩል ይሆናል። የእኔ ካኪ እንዲህ ተጠቅልሎ ከምሳ ዕቃዬ ጎን ይገባል፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከቢሮ ስወጣም በሩ ላይ ቆሜ አውጥቼ እለብሰዋለሁ።