ውሃ መጣ!

ስለ አንድ ልቦለድ ላወራችሁ ነበር የጀመርኩት ግን ዞሮ ዞሮ ስለ ሰፈሬ ሆነብኝ። ፍራንክፈርት ነው ያለሁት፣ ቋንቋ ኮርስ ላይ አስተማሪያችን አንድ ቀጭን ልቦለድ አስነበበችን፣ ባንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ታሪክ ነው፣ እያንዳንዱ ምእራፍ አንድ ቤት፣ የአንዱ ጉድ ከሌላው ጋር እየተጠላለፈ ይሄዳል። ስንጨርስ እናንተም የራሳችሁን መንገድ ጻፉ አለችን። የጎንደር ልጅ መሆኔን ስትሰማ ስልኳ ላይ ፋሲል ግንብን አውጥታ፣ ንጉሡ በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት ከተማ ናት አይደል አለችኝ። ናት አልኳት፣ እኔ ግን የጻፍኩት ስለ ጀሪካን ነው።

ጎንደር የኖረ ያውቀዋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ እኛ ሰፈር፣ አዲስ አለም፣ ያውም ሌሊት። የኛን ቤትና የእትየን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፣ እሷ እስላም ናት እኛ ክርስቲያን። ቧንቧው መጀመሪያ የሚንፈቀፈቀው እሷ ጋ ስለሆነ ግድግዳውን በጡጫ ትመታና "ውሃ መጣ!" ትላለች፣ እኛ ደግሞ ቀጣዩን ቤት እንመታለን፣ እንዲህ እየተባለ መንገዱ በነጠላና በጀሪካን ይሞላል። ለከተራ ጥር 10 ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ቤታችንን ሲያጥለቀልቀው እንግዳው የሚያድረው እሷ ሳሎን ነው፣ ፍራሹም ብርድልብሱም የሷ። ወንድሜ ሲያገባ ደግሞ ለእስላም ጎረቤቶቻችን በጉ በራሳቸው ሰው ታርዶ በራሳቸው ድስት ለብቻ ተሰራ፣ እንዲህ አድርጉ ያለን ሰው የለም፣ ድሮም እንደዛ ነው። ልቦለዱ ላይ ሰዎቹን የሚያገናኛቸው ሚስጥርና በመስኮት መተያየት ነው። እሱም እኛ ጋ ነበር አልዋሽም፣ ከወንድ ጋር ቆመሽ ካወራሽ ወሬው ቀድሞሽ ቤት ይገባል፣ በዚህ የተጎዳች ጓደኛ አለችኝ። ግን እሱን ብቻ መጻፍ ግማሹን መተው ነው።

አሁን የምኖርበት ህንጻ ደወሉ ላይ የ12 ቤት ስም ተጽፏል፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ የማናቸውንም ፊት አላውቅም። የኛ መንገድ በር ላይ ስም የለም።

ጽሁፌ እስከዚህ ጥሩ ሄዶልኝ የወጣሁበት ሌሊት ላይ ስደርስ ቆመ። በመተማ ነው የወጣሁት፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናቴ እንኳ ሊነጋጋ ሲል ነው የነገርኳት። የዛን ሌሊት ግድግዳው ተመታ። ከእትየ ጋር ጎን ለጎን ቆመን ቀዳን፣ ስታወራኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፣ ጀሪካኑ ሲሞላ ባልዲ፣ ባልዲው ሲሞላ ድስት፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር ሞላሁት። ደህና እደሪ እንኳ ሳልላት ገባሁ።

ባለፈው እሁድ ደወልኩላት፣ ከስንት አመት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት። እትየ ያኔ ሳልነግርሽ ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

"አይ ልጀ፣ ወላሂ አውቄያለሁ። ለሁለት ሰው እንደዛ አይቀዳም። እናትሽ ወገቧን ስለሚያማት ለሷ እያስቀመጥሽላት ነበር። አልከልክላት ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

ከዛ ወዲህ የእናቴን ጀሪካን የሚቀዳው የሷ ልጅ እንደሆነም ያን ቀን ሰማሁ፣ እናቴ አንድም ቀን አላነሳችልኝም።

ያን ምእራፍ ቀድጄዋለሁ። አሁን ከእትየ ቤት በኩል እየጻፍኩት ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ።