ጠላ የመሰለው

የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። መጀመሪያ የእህቴን ልጅ ጉንፋን ያዘው። ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ትኩሳቱ ለቀቅ ባደረገው ማግስት በጣቶቹ ጫፍ መሄድ ጀመረ፤ ተረከዙን መሬት አላስነካም አለ። ባቱን ስነካው ጮኸ። በአራተኛው ቀን ግን ሰፈሩን በሩጫ ሲያካልል ዋለ።

ስለዚህ የእኔው ሲመጣ አልደነገጥኩም። ትኩሳቱ ሲበርድልኝ ጭኔና ትከሻዬ በዱላ የተቀጠቀጠ መሰለ። ግድግዳ ካልያዝኩ መነሳት አቃተኝ። እማዬ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አመጣች። እኔ ደግሞ በጎን ዲክሎፌናክ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ እውጣለሁ። ሁለታችንም በየመድኃኒታችን ተማምነናል።

ሽንቴን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ጠላ መስሎ ነበር። ያውም አሻሮው ጠቆር ያለበት የደብረ ማርቆስ ጠላ። ውሃ ስላልጠጣሁ ነው ብዬ አለፍኩት። እግሬን ለመጣው ጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ይሄን ግን ለማን ይወራል? ሁለት ቀን ሙሉ ዝም። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ሐኪም ቤት ስሄድ የላብራቶሪው ልጅ መመርመሪያ ወረቀቷን ሽንቱ ውስጥ ነከረና «ደም አለው» አለ። ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያየው ግን ቀይ የደም ሴል የለም። ደግሞ አየ። የለም። ውጤቱን በእጄ ከመስጠት ይልቅ ራሱ ይዞት ወደ ዶክተሯ ሄደ። እግዜር ይስጠው።

ዶክተሯ ስለ ሥጋ ጠየቀችኝ። «ጥሬ ሥጋ ሲቀመጥ የሚያቀረው ቀይ ውሃ ምንድን ነው?» ደም ነዋ፣ አልኳት። አይደለም አለች። ማዮግሎቢን ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን። ኢንፍሉዌንዛ አንዳንዴ ጡንቻ ይጎዳል። የልጁም ባት ነገር ይሄው ሳይሆን አይቀርም፤ ሕፃናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። አልፎ አልፎ ግን ጡንቻው ይፈርስና ያ ቀይ ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ራብዶማዮላይሲስ ይሉታል። ወረቀቷ ማዮግሎቢንን ከደም አትለይም፤ ማይክሮስኮፑ ነው ያጋለጠው።

ዲክሎፌናኩን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለካ እሱም ለኩላሊት ሌላ ሸክም ነው። ስንት ፍሬ እንደዋጥኩ በጣቴ ቆጠርኩላት።

ደሜ ባሕር ዳር ተልኮ ተመረመረ። ሲኬ የሚሉት የጡንቻ ኢንዛይም አለ። ከ200 ብዙም ማለፍ የለበትም፤ የእኔው 14 ሺህ ሆኖ መጣ። ተኛሁ። ዋናው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ ጨዋማ ፈሳሽ ነው፣ በላይ በላዩ። እማዬ የተንጠለጠለውን እያየች «አንች ልጅ፣ ውሃ ሊሰጡሽ ነው እዚህ ድረስ ያመጡሽ?» አለችኝ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ የአጥንት መረቅ በፔርሙስ ይዛ መጥታለች።

ሽንቴ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተጠራቀመ ይለካል። ሥራውን እማዬ ተረከበችው። ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ብርሃን ላይ ታየዋለች። በሁለተኛው ቀን «ጠጅ ሆነ» አለች። በአራተኛው ቀን ክፍሉ በአስታማሚ ጢም ብሎ ሳለ ድምጿን ሳትቀንስ፣

«እሰይ! ብርዝ ሆነ!»

ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ሳብኩት።