የፀሐይን ንፋስ በኤክሴል

የፀሐይ ንፋስ (ከፀሐይ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጅረት) ማግኔቶስፌርን፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ የሚገዛውን በዙሪያዋ ያለ ክልል፣ እንዴት እንደሚያናውጥ ለተማሪዎቼ ፎርሙላ ከማስገልበጥ ይልቅ፣ እስቲ በራሴ ላስላው ብዬ ተነሣሁ። የገዛሁት መሣሪያ የለም። ናሳ ኦምኒ የተባለውን የፀሐይ ንፋስ ልኬቶች ክምችት በነጻ ይሰጣል። ጎንደር መብራት ሲኖር አወርዳለሁ፤ ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ኤክሴል ላይ እሠራለሁ።

የመረጥኩት ግንቦት 2 ቀን 2016 የተነሣውን መግነጢሳዊ ማዕበል ነው። ፋሲካ ካለፈ ገና አምስተኛ ቀኑ፣ ሰው የዶሮውን ትራፊ ሳይጨርስ።

ስሌቱ ማባዛት ነው፦ የንፋሱ ፍጥነት ሲባዛ ንፋሱ ይዞት የሚመጣው ወደ ደቡብ ያዘነበለ መግነጢሳዊ መስክ። በአዘቦት ቀን ንፋሱ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መስኩ 5 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው) ወደ ደቡብ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መስኩ 2 ሚሊቮልት በሜትር ይመጣል። ያን ምሽት ፍጥነቱ ወደ 700፣ መስኩም ከ30 በላይ ሲሄድ ውጤቱ 20ን አለፈ።

መስኩ ወደ ሰሜን ከሆነስ? ዜሮ ጻፉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ፍጥነት ብቻውን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ከፀሐይ በኩል ያለው የምድር መስክ ወደ ሰሜን ያመለክታል። ከውጭ የመጣው ተቃራኒው ሲሆን ሁለቱ ይቆራኛሉ፣ ኃይልም ይገባል። ይህን የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ደንጄ እ.ኤ.አ. በ1961 አስረድቷል።

ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ በርተን፣ ማክፌሮንና ረስል እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡትን ቀመር ተጠቀምኩ። ከ0.5 ሚሊቮልት በሜትር በታች ያለውን አይቆጥርም። ከዚያ በላይ ያለው ምድርን በሚከበው የቀለበት ጅረት (የኤሌክትሪክ ጅረት ነው) ውስጥ ይጠራቀማል፤ የሚያንጠባጥብ ጀሪካን እንደ መሙላት ነው፣ እየገባም እየፈሰሰም። የጅረቱን ብርታት የሚለካው ዲኤስቲ የተባለ ቁጥር (ጅረቱ ሲበረታ ከዜሮ በታች ይወርዳል) ሊነጋጋ ሲል ከ-400 ናኖቴስላ በታች ወርዶ ነበር። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ጫፍ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ እዩ።

ለምትሞክሩት፦ ፋይሉ ላይ በ9 የተሞላ ቁጥር ልኬት ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው። ሰዓቱም የግሪንዊች ነው። እዚያ 17 ሰዓት ማለት እኛ ጋ ከምሽቱ 2።

የኤሌክትሪክ መስኩ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ምድር ወገብ አየኖስፌር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እስከሚያስተላልፈው የላይኛው የአየር ንብርብር፣ ዘልቆ ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ አላት፤ ያለችውም ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ከሚባለው፣ በዚሁ ንብርብር ውስጥ ከሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት ሥር ነው። የእሷን ልኬት ከስሌቴ ጎን ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ግን ቀን ላይ የተነሣ ማዕበል ነው የምፈልገው፤ ኤሌክትሮጄቱ ፀሐይ ከጠለቀች ይከስማል።