ቀለሙን ከመውቀሳችን በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ በምሠራበት አነስተኛ የኅትመት ቤት፣ በአንድ የክረምት ወቅት አንድ የሠራተኞች ማኅበር ለዓመታዊ በዓሉ የሚሆኑ ነጭ ቲሸርቶች አርማውን በሰብሊሜሽን፣ ማለትም ወረቀት ላይ የታተመን ቀለም በሙቀት ወደ ጨርቅ በማዛወር፣ እንድናትምለት አዘዘን። ሥራው እንደተጀመረ ጉድለቶች ተደራርበው መጡ። አንዳንዱ ልብስ ላይ አርማው እንደታጠበ ያህል ደብዝዞ ወጣ፤ ሌላው ላይ ጥቁሩ ጽሑፍ ወደ ቡናማ አደላ፤ በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ የፊደላቱ ጠርዝ ጥላ አበጀ፣ ወይም ማንም ያላተመው ሰማያዊ ነጠብጣብ ታየ። የቤቱ ባለቤት ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ጥለው አዲስ ሊገዙ ተነሡ። እኔም፣ «ጋሼ፣ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት የተበላሹትን እንደየጉድለታቸው ለይተን እንያቸው» አልኳቸው፤ እሳቸውም ተስማሙ።

ይህን ያልኩት ቀለሙ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ልብስ በአንድ ዓይነት ይበላሽ ነበር ብዬ ስላሰብኩ ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ፣ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ ፖሊስተሩ ክር ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም እዚያው ታስሮ ይቀራል። የጥጥ ክር ግን ይህን ቀለም አስሮ መያዝ አይችልም፤ የተቀመጠበትም ቀለም በጥቂት እጥበት ይለቃል። ስለዚህ ደብዝዘው የወጡትን ለብቻ ስንከምር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጨርቁን ነበር። ቲሸርቶቹ ከመርካቶ ከሁለት ነጋዴዎች የተገዙ ሲሆኑ፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ «100 በመቶ ፖሊስተር» የሚል ምልክት ተሰፍቶባቸዋል።

ምልክቱን ትቼ ከእያንዳንዱ ወገን ከስፌቱ ውስጥ ጥቂት ክር መዝዤ በክብሪት ለኮስኩት። ፖሊስተር እሳት ሲቀርበው ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል፤ ጥጥ ግን እንደ ወረቀት ነድዶ በጣት የሚደቅ ግራጫ አመድ ይሆናል። የአንደኛው ነጋዴ ክር ቀልጦ ተጠቀለለ። የሁለተኛው ነድዶ፣ የወረቀት ሽታ ሰጥቶ፣ አመድና ትንንሽ እንክብል ቀላቅሎ ተወ። ደብዝዘው የወጡት ሁሉ ከዚህ ከሁለተኛው ነጋዴ የመጡት ነበሩ።

ቡናማው ጥቁር የተገለጠልኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሂት ፕሬሱን፣ ማለትም ወረቀቱን በጋለ ብረት ልብሱ ላይ የሚጫነውን ማሽን፣ የሚያሠራው ወጣት ባልደረባችን፣ የደበዘዙትን ሲያይ ሙቀቱን ከተለመደው 200 ዲግሪ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ጊዜውንም ከአንድ ደቂቃ አሳልፎ ነበር። ጥጥ የተቀላቀለበት ጨርቅ በዚህ ምንም አልተሻሻለም፤ ንጹሑ ፖሊስተር ግን ከመጠን በላይ ተጠብሶ ጥቁሩ ቡናማ ሆነ፣ የፕሬሱ ጠርዝ ያረፈበትም መስመር አብረቀረቀ። ልጁ ያደረገው ማንም የሚያደርገው ነገር ስለሆነ አልወቅሰውም፤ ነገር ግን ለአንዱ ጉድለት የተሰጠ መድኃኒት ጤነኛውን ሲያሳምም፣ የመጀመሪያው ጉድለት መነሻው ይሰወራል። ሙቀቱን ወደ 195 ዲግሪ፣ ጊዜውን ወደ 50 ሰከንድ ስናወርደው ጥቁሩ በፖሊስተሩ ላይ ወደ ጥቁርነቱ ተመለሰ።

የቀሩትን በየቦታቸው መረመርን። የፊደላቱ ጥላ የሚመጣው የፕሬሱ ክዳን ሲነሣ ወረቀቱ ገና በጋለበት ሰዓት ስለሚንሸራተት ነው፤ ሙቀት በሚችል ቴፕ ጠርዙን አጣብቀን፣ ወረቀቱንም በአንድ ጊዜ ቀና አድርገን ስናነሣ ቆመ። ሰማያዊው ነጠብጣብ ከጨርቁ ላይ ከተጣበቀ ብናኝና ከእርጥበት የሚመጣ ስለነበር፣ እያንዳንዱን ልብስ በሚጣበቅ ሮለር ከጠረግን በኋላ ወረቀቱን ከማስቀመጣችን በፊት ለ10 ሰከንድ ያህል ባዶውን እናሞቀው ጀመር። የኅትመት ወረቀቱ ራሱ በክረምቱ ከመስኮት አጠገብ ተከፍቶ ስለቆየ እርጥበት ጠጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በታሸገ ፕላስቲክ እናኖረዋለን።

አንድ ጉድለት ብቻ አልሄደም፤ የአርማው የቀኝ ታችኛ ጥግ በፖሊስተሩም ላይ ሳስቶ ይወጣ ነበር። ብናኝና እርጥበት በዘፈቀደ ቦታ ስለሚያበላሹ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ጉድለት ወደ ማሽኑ ያመለክታል ብዬ አምናለሁ። የፕሬሱን ብረት የተለያዩ ነጥቦች በሙቀት መለኪያ ስንለካቸው፣ የማሽኑ ሰሌዳ ትክክለኛውን ዲግሪ እያሳየ ያ ጥግ ግን ከመሐሉ በግልጽ ዝቅ ይል ነበር። ጠጋኝ እስኪመጣ ድረስ አርማውን ወደ ብረቱ መሐል አስጠግተን ቀጠልን።

ከማስረከባችን በፊት አንዱን ቲሸርት በሳሙና አጠብነው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ጥጥ የተቀላቀለባቸውን በስክሪን (ቀለሙ በወንፊት መሰል ጨርቅ አልፎ) ለሚታተም ሌላ ሥራ አስቀመጥናቸው። ባለቤቱም ለማኅበሩ ደውለው፣ የተወሰኑት ልብሶች ጨርቃቸው ለዚህ ሥራ የማይሆን ሆኖ ስለተገኘ በሌላ ተተክተው እስኪታተሙ ሁለት ቀን እንደሚዘገዩ ነገሯቸው፤ ማኅበሩም በዚሁ ተስማማ።