ከዲዝኒ ፍቅር በቀላሉ ወጣሁ፤ ከታይምሼሩ ግን...

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኦርላንዶ ውስጥ መታጠቢያ ቤት ቆሜ ነበር። መብራት አላበራሁም። ሰው እንዳይነቃብኝ በሩን ዘግቼ ስልኬን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ሐምሌ 2022 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ የዲዝኒ ፓርክ ፈጣን መስመር (ረጅሙን ሰልፍ ዘሎ መግቢያ) ቦታ በስልክ ይከፈታል። ያኔ ከየሆቴሉ ከነቃው ሰው ጋር የጣት እሽቅድምድም ነው። ተሻማሁ፣ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ወጥቼ ልጄን ቀሰቀስኩት። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ዓይኑን ሳይገልጥ «አባዬ፣ አንተ ሂድ» አለኝ።

ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ስር ሆና «ለሥራ እንኳ እንዲህ ተነስተህ አታውቅም» አለች።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። መሄድ እንደማልፈልግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የወደድኩት ነገር አስጠላኝ። ሆኖም ሄድኩ። ተከፍሎበታላ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ተራ ጎብኚ አልነበርኩም። መጀመሪያ ወደ ኦርላንዶው ዲዝኒ ወርልድ የሄድነው በ2006 ነው፣ ልጆች ሳይመጡ። ከፓርኮቹ አንዱ በሆነው አኒማል ኪንግደም ውስጥ ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት የሚባለው ሮለር ኮስተር ገና መከፈቱ ነው። ተራራው ውስጥ ዬቲ የሚሉት ጭራቅ አለ፣ እጁን ዘርግቶ ሊይዝህ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ መንቀሳቀስ አቆመ። እስከ ዛሬ እዚያው ቆሞ መብራት ብቻ ይብለጨለጭበታል። እኔ ግን በየዓመቱ ስሄድ «ዘንድሮ ተሠርቶ ይሆን?» እያልኩ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነስተን 95 አውራ ጎዳናን ይዘን አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል እንነዳለን። እንጀራው ተጠቅልሎ በረዶ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኋላ ወንበር ላይ። ሳውዝ ካሮላይና መግቢያ ላይ ያለውን የሳውዝ ኦፍ ዘ ቦርደር (የመንገደኛ ማረፊያ ነው) ማስታወቂያ መጀመሪያ ያየ ልጅ አንድ ዶላር ይሸለማል። ፓርኩ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል፣ የመስታወት ዕቃና አልኮል ካልሆነ። ብዙ አበሻ ይህን አያውቅም፣ ለአንድ ሳንድዊች ያን ሁሉ ብር ይከፍላል። እኛ ፍርፍራችንን የምንበላው አኒማል ኪንግደም ውስጥ ሀራምቤ የሚባል መንደር ውስጥ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ የኬንያዋን ላሙን አስመስለው። ግድግዳው ሆን ተብሎ ተሰነጣጥቋል፣ ቀለሙም ሆን ተብሎ ተልጧል። እናቴ አንድ ጊዜ አብራን መጥታ ግድግዳውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «ይህን ለማየት ነው የከፈላችሁት? እኛ ሰፈር በነጻ አለ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ያቺን ግድግዳ ባየሁ ቁጥር የእሷ ጣት ይታየኛል።

ዋጋው ነው ያስመረረህ የሚሉኝ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። በ1999 ፈጣኑ መስመር ፋስትፓስ ተብሎ ሲጀመር ነጻ ነበር። ቲኬትህን ማሽን ውስጥ ትከታለህ፣ መመለሻ ሰዓትህ የተጻፈባት ወረቀት ትወጣለች። በኋላ ስልክ ላይ ሆነ፣ ያም ነጻ። በኮቪድ ቆመ። በጥቅምት 2021 ሲመለስ ጂኒ ፕላስ ተብሎ ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ቀኑ የሚለዋወጥ ዋጋ ወጣለት፣ በ2024 ደግሞ ስሙ ተቀየረ። ከኤርፖርት ሆቴል የሚያደርሰው ነጻ አውቶቡስም ቀረ። የዋናው ፓርክ፣ የማጂክ ኪንግደም፣ የአንድ ቀን ቲኬት በ2015 መቶ ዶላርን አለፈ፣ በ2022 መጨረሻ ለበዓል ሰሞን 189 ገባ። በ1971 ሲከፈት መግቢያው ሦስት ዶላር ከሃምሳ ነበር። ግን ዋጋ መጨመር መብታቸው ነው። ሰው እስከመጣ ድረስ ለምን ይቀንሳሉ? ማንም በገመድ ጎትቶ አልወሰደኝም።

የጎተተኝ ገመድ ሌላ ነው። ራሴ ነኝ የገዛሁት።

ቀላል ቀላሉን ልጨርስ። የዓመት ማለፊያችንን አላደስንም፣ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። የፓርክ ወሬ ብቻ የሚያወሩትን የዩቲዩብ ቻናሎች መከታተል ተውኩ። የሰበሰብኳቸውን የደረት ፒኖችና የፍሪጅ ማግኔቶች ሸጥኩ። አንዷን ማግኔት፣ የሚኪን፣ ባለቤቴ አልሰጥም አለች። ልጆቹን «ዘንድሮ አንሄድም» ስላቸው እንደሚያለቅሱ ጠብቄ ነበር። ልጅቷ «ታዲያ ስልኬን ትቀይርልኛለህ?» አለች። አለቀ።

አሁን ወደ ታይምሼሩ፣ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያርፉበት የእረፍት ቤት ድርሻ ማለት ነው።

በ2014 ነው። መንገድ ዳር የቲኬት ቅናሽ የሚሸጥ ኪዮስክ ነበር። ሻጯ «ዘጠና ደቂቃ ገለጻ ከሰማችሁ ሁለት ቲኬት በርካሽ» አለች። ኩባንያው ከፓርኮቹ ጋር ዝምድና የለውም። ስሙን አልጠራም፣ ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ አለው፣ ከፊሉ የእኔ ነው። ዘጠናው ደቂቃ አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስንወጣ በዓመት አንድ ሳምንት የእኛ የሆነ ባለ ሁለት መኝታ ቤት «ባለቤት» ነበርን። አሥራ አራት ሺህ ዶላር፣ በብድር። በዚያ ላይ የዓመት የጥገና ክፍያ አለ። ሲጀመር 640 ነበር፣ ስንጨርስ 1,180 ደርሶ ነበር። ቤቱን ባትረግጠውም ትከፍላለህ።

ከዚያ በኋላ ኦርላንዶ መሄድ ምርጫ መሆኑ ቀረ። «ሳምንቱ ይቃጠላል» እንል ነበር። ልጁ ሲያመው ሄድን። ለዘመድ ሠርግ ሳንደርስ ሄድን። ፍቅሬ የሞተው ሰልፍ ላይ አይደለም፣ «ይቃጠላል» በሚለው ቃል ነው።

ያን የ2022 ጠዋት ካለፍኩ በኋላ፣ በማግስቱ ኩባንያው «የባለቤቶች ስብሰባ» ጠራን። ቁርስና የመቶ ዶላር ካርድ አለው። ጥሩ አጋጣሚ መሰለኝ። ሄጄ «መውጣት እፈልጋለሁ፣ ምን ላድርግ?» ልላቸው። የሸማቾች ምክር ሁሉ እኮ «መጀመሪያ ኩባንያውን አነጋግር» ነው የሚለው።

አነጋገርኩ። ክራባት ያሰረ፣ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ የማይበልጥ ልጅ ወረቀቴን አገላበጠና ፊቱን አጠቆረ። ሐዘን ቤት የመጣ ነው የሚመስለው። «ጌታዬ፣ ያለዎት የድሮው ዓይነት ነው። ይሄ ለልጆችዎ ይተላለፋል። ሳምንቱን ትተው በነጥብ ወደሚሠራው ቢቀይሩት ግን መውጫ አለው» አለኝ። ለልጆቼ ዕዳ ይተላለፋል ሲለኝ እጄ ቀዘቀዘ። (ውሸቱን ነው። ልጆች ውርሱን አንፈልግም ማለት ይችላሉ፣ በሕግ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።) ባለቤቴ ከጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። «ቆይ» አልኳት።

ለመውጣት ገብቼ ተጨማሪ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ፈርሜ ወጣሁ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አሁንም ላብ ላብ ይለኛል። ስንመለስ ባለቤቴ እስከ ሳቫና አላናገረችኝም። ሳቫና ላይ «ነዳጅ ቅዳ» አለች። ሌላ የለም። ኩባንያው ሰነዱን በሚያምር ቦርሳ አድርጎ ነበር የሰጠን። ቤት ስገባ ቁምሳጥን ውስጥ ወረወርኩት።

ከዚያ በእድር ስብሰባ ላይ ለአንድ ጋሼ አወራሁላቸው። ብዙ ዓመት ቤት ሲያሻሽጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡናቸውን አስቀመጡና «አንተ ልጅ፣ ከፈረምክ ስንት ቀንህ ነው?» አሉኝ። ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። ራሳቸውን ነቀነቁ። የፍሎሪዳ ሕግ ታይምሼር ለገዛ ሰው አሥር ቀን ይሰጣል። ከፈረምክበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበልክበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ። ምክንያት አትጠየቅም፣ ቅጣት የለውም። በጽሑፍ «ሰርዤዋለሁ» ብለህ በፖስታ ከላክህ የተላከበት ቀን ነው የሚቆጠረው። «ይህን መብቴን ትቻለሁ» ብለህ ብትፈርም እንኳ አይሠራም።

ቤት ሮጬ ቦርሳውን አወጣሁ። ተጽፏል። በደማቅ ፊደል ተጽፏል። ከፊርማ መስመሩ በላይ። የስሜ የመጀመሪያ ፊደል ጭራ ከላይ ያለውን ቃል ነክቶታል። እስክሪብቶዬ የአሥር ቀኑን ሕግ ነክቶ አልፏል፣ እኔ አላነበብኩም። ሁለት ቀን! በዚያ ሌሊት ሳልተኛ ነጋ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሬዲዮ ላይ «ከታይምሼር እናወጣዎታለን፣ ዋስትና አለው» የሚል ድርጅት ሰማሁ። 3,800 ዶላር ቅድሚያ ከፈልኩ። «ከእንግዲህ ለኩባንያው አትክፈል፣ ስልካቸውንም አታንሳ» አሉኝ። ታዘዝኩ። ከስድስት ወር በኋላ የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ ይመጣ ጀመር፣ ክሬዲቴም ወደቀ። ድርጅቱ ጋ ስደውል መጀመሪያ ሙዚቃ ነበር። ቀጥሎ የድምፅ መልእክት። ቀጥሎ «ይህ ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም»። ለአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት አቤት አልኩ። በአራተኛው ወር መልስ መጣ፦ አቤቱታዬ ተመዝግቧል፣ ግለሰቦችን ወክለው ግን አይከራከሩም። ተመዝግቧል! ደስ ይበልህ! ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነው፣ ከዚያም ግማሹ አድራሻ ነው።

በመጨረሻ የሠራው ነገር አሳፋሪ ነው፣ ቀላል ስለሆነ። ሥራ ቦታ ያለች አንዲት ልጅ «ሽያጭ ክፍሉን አታናግር፣ ባለቤትነት ለመመለስ የሚጠየቅበትን ክፍል ጠይቅ» አለችኝ። ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ወደ ሽያጭ መለሱኝ፣ ሦስት ጊዜ ዘግቼ ደወልኩ። በአራተኛው አንዲት ድምፅዋ የደከመ ሴት አነሳች። ብድሩ ከተዘጋና የጥገናው ውዝፍ ከተከፈለ መልሰን እንቀበላለን አለች። በቃ። ይህ መንገድ ያን ጠዋትም ነበር፣ ክራባቱ ልጅ ፊቴን እያየ አልነገረኝም እንጂ።

ብድሩን የዘጋሁት በእቁብ ነው። የመጨረሻ ዕጣ ነበርኩ፣ ለምኜ ከአንድ ወንድም ጋር ተቀያየርኩ። ማረጋገጫው መስከረም 2024 ደረሰኝ። ፈርሜ፣ በኖተሪ አስመስክሬ መለስኩ። ይህን ግን ሦስቴ አንብቤ ነው የፈረምኩት፣ ኖተሪው ሰዓቱን እያየ።

እንግዲህ የእኔ ምክር፣ ሌላው የሚለውን ተዉት። ቅናሽ ቲኬት ብላችሁ ገለጻ አትግቡ፤ «ሰምቼ እወጣለሁ» የሚል ሰው እኔም ነበርኩ። ከፈረማችሁ ደግሞ ሻንጣ ሳትፈቱ እዚያው ፍሎሪዳ ካለ ፖስታ ቤት ደረሰኝ ባለው ፖስታ የመሰረዣ ደብዳቤ ላኩ፣ ከዚያ በኋላ አስቡበት። «አስወጣለሁ» ብሎ ቅድሚያ የሚጠይቅን ስልኩን ዝጉበት። «መጀመሪያ ኩባንያውን አነጋግር» የሚለው ምክር ልክ የሚሆነው በስልክ ከሆነ ብቻ ነው፤ ቁርስ ባለበት አይደለም። ፓርክ የሰለቻችሁ ደግሞ «ሌላ ፓርክ ሞክር» የሚሏችሁን አትስሙ። በግንቦት 2025 ኦርላንዶ ላይ ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባለው የሌላ ኩባንያ ፓርክ ሲከፈት አሥር ሰው ደውሎልኛል። አልሄድኩም። በሐምሌ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ወንዙና ጀልባው ሲዘጋ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ፎቶ ልኮ «አላለቀስክም?» አለኝ። ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በዚያ ጀልባ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ፎቶውን ለልጁ አሳየሁት። አሥራ ሰባት ሆኖታል። ትንሽ አየውና «እዚህ ላይ አይስክሬሜን ወንዝ ውስጥ ጥዬ ነበር፣ ታስታውሳለህ?» አለኝ። አላስታወስኩም። እርግጠኛ ነኝ፣ ያን ጊዜ ስልኬ ላይ ሰዓት እያየሁ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፖስታ ሳጥን ውስጥ የሚያብረቀርቅ ካርድ መጣ። ሁለት ቲኬት፣ ሦስት ሌሊት ሆቴል፣ ዘጠና ደቂቃ ገለጻ። ልቀደው ስል ባለቤቴ ተቀበለችኝና ፍሪጁ ላይ በሚኪ ማግኔት ለጠፈችው። ወተት ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።