የውሸቱ አውሮፕላን

እናቴ ሲሙሌተር የሚለው ቃል አይዋጥላትም። እኛ አብራሪዎች ምድር ላይ የምንለማመድበትን የአውሮፕላን አምሳያ "የውሸቱ አውሮፕላን" ነው የምትለው። ዛሬ ማታ እራት እያቀረበች፣ "የነገው በእውነተኛው ነው በውሸቱ?" ብላ ጠየቀችኝ። "በውሸቱ ነው እማዬ" ስላት ፊቷ ፈታ አለ። በውሸቱ ከሆነ ልጇን ክፉ አይነካትም፤ እሷ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። እኔ ግን መንገደኛ ይዤ ስበር ይዞኝ የማያውቅ ፍርሃት በውሸቱ ይይዘኛል።

ያለፈው ማክሰኞ የሆነውን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

ከረዳት አብራሪነት ወደ ካፒቴንነት የሚያሸጋግረውን ሥልጠና ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ለዓመታት ከቀኝ ወንበር ሆኜ የማውቀውን ኮክፒት አሁን ከግራ ሆኜ እያየሁት ነው። የሞተሩ ኃይል መስጫ እጀታ በእጄ ነው፤ ቆመን እንቅር ወይስ እንነሳ የሚለውም ውሳኔ የእኔ ነው። ማክሰኞ ዕለት ስንንደረደር አብሮኝ የሚሠለጥነው ልጅ "ቪ-ዋን" አለ። ቪ-ዋን ከተባለ በኋላ መቆም የለም። የቀረው መንደርደሪያ ለፍሬን አይበቃም፤ ችግር ቢኖር እንኳ ችግሩን ይዞ መነሳት ነው። ቃሉን ተናግሮ ሳይጨርስ ከሥራችን ከባድ ፍንዳታ ተሰማ፤ መሪው፣ ወንበሩ፣ ጥርሴ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ እጀታዎቹን ወደ ኋላ ሳባቸው። የመንደርደሪያው መጨረሻ ቀይ መብራቶች ወደ እኛ መጡ፣ ከሥራችን አለፉ፣ ከዚያ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ባለበት ቀጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡት አስተማሪያችን ምንም አላሉም። የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነበር።

የፈነዳው ጎማ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ደህና ነበሩ። ሳንቆም ብንቀጥል ኖሮ እንነሳ ነበር።

በኋላ ዲብሪፊንግ ክፍል፣ ከልምምድ በኋላ የሠራነውን የምንገመግምበት፣ ገባን። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ያልተወለወለ ነጭ ሰሌዳ። አስተማሪያችን ካፒቴኑ አልተቆጡም። "እስኪ ንገሪኝ፣ ምን አየሽ?" አሉኝ። "መንቀጥቀጥ፣ ካፒቴን።" "ሌላስ?" ሌላ አልነበረኝም። "የሞተሩን ጠቋሚ አይተሽ ነበር?" አላየሁም። ዝም ብለው ቆዩና፣ "ዲክ ኩስ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። "እንግዲያው ተመልሰሽ እስክትመጪ እወቂው" ብለው ቦርሳቸውን አነሡ።

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ከእሱ ጋር ነው የከረምኩት።

ኩስ ጠፈርተኛ አልነበረም። አሜሪካ ሰው ወደ ጨረቃ በላከችበት በአፖሎ ዘመን፣ በረራዎቹን ከምድር በሚቆጣጠረው በሂዩስተን ማዕከል የሲሙሌሽን ኃላፊ ነበር፤ እዚያ ያሉት በአጭሩ ሲምሱፕ ይሉታል። ሥራው ብልሽት ማሰብ ነው። ጠፈርተኞቹ በመንኮራኩሩ አምሳያ ውስጥ ይቀመጣሉ። የምድር ተቆጣጣሪዎቹ በእውነተኛው ዕለት በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ናቸው። በስክሪናቸው የሚያልፈው ቁጥር ግን ከጨረቃ ሳይሆን ከኮምፒውተር የሚመጣ ነው፤ የሚያበላሸውም ኩስና ቡድኑ ነው። አንዱን ቫልቭ ይዘጋሉ፣ አንዱን መሣሪያ ያሳስታሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ማን ምን እንደሚል ያዳምጣሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ይጠላል ብዬ ነበር የማስበው። እያነበብኩ ስሄድ ግን ከሁሉም በላይ ስለ ጠፈርተኞቹ ሲጨነቅ ያደረው እሱ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ሁሉ ቀድሞ በሐሳቡ የሚኖረው እሱ ነዋ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ሊወነጨፍ 11 ቀን ሲቀረው፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ አለቃ የጂን ክራንዝ ቡድን ጨረቃ ላይ የማረፍ ልምምድ ላይ ነበር። መንኮራኩሩ እየወረደ ሳለ ኩስ የኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ ለቀቀባቸው። የማስጠንቀቂያውን ቁጥር ያየው የአቅጣጫ ተቆጣጣሪው ስቲቭ ቤልስ ነው፤ 26 ዓመቱ ነበር። ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበታል ከማለት በቀር ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ሕግ በእጁ አልነበረም። ጥቂት ሰከንዶች አመነታና "ይቋረጥ" አለ። ክራንዝም ተቀበለው፤ ማረፉ ተቋረጠ፣ ጠፈርተኞቹም ወደ ላይ ተመለሱ።

በዲብሪፊንጉ ላይ ሁሉም ትክክል የሠሩ መስሏቸው ነበር። ኩስ ግን ማቋረጥ አልነበረባችሁም አላቸው። ማስጠንቀቂያው ኮምፒውተሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ የሚቀረውን ትቶ አስፈላጊውን እየሠራ ነው ማለት ነው። አቅጣጫው ደህና ነበር፣ ሞተሩ ደህና ነበር፣ የጠፈርተኞቹ ጠቋሚዎችም ይሠሩ ነበር። በአንድ ምልክት ብቻ አቋረጣችሁ፤ ለማቋረጥ ሁለተኛ ምልክት ያስፈልጋችሁ ነበር አላቸው።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁና በረንዳ ላይ ቆምኩ። "ሌላስ?" ያሉኝ ካፒቴን ድምፅ ነበር በጆሮዬ የሚያቃጭለው።

ቤልስና ጓደኞቹ ተመልሰው ሥራቸው ላይ ተቀመጡ። ክራንዝ እያንዳንዱ የኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ እንዲጠና አዘዘ። ጃክ ጋርማን የሚባል የ24 ዓመት መሐንዲስ፣ ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ ከነትርጉማቸውና ከነሚደረገው ነገር በእጁ ጻፋቸው፤ ወረቀቱንም በጠረጴዛው ግልጽ ፕላስቲክ ሥር አኖረው።

ከዚያ ጁላይ 20 መጣ። ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ከጨረቃ በላይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆነው እየወረዱ ሳለ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ቁጥሩ 1202። አርምስትሮንግ ትርጉሙን ንገሩን ሲል ድምፁ ትንሽ ጠንከር ብሏል፤ ቅጂውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጋርማን ወረቀቱን አየ፣ ለቤልስ ነገረው፣ ቤልስ ለክራንዝ "እንቀጥላለን" አለ። ከመጀመሪያው ጩኸት እስከ መልሱ 30 ሰከንድ አልሞላም። ማስጠንቀቂያው በመንገድ ላይ ደጋግሞ መጣ፣ ወደ መጨረሻው ላይ 1201ም ታከለበት፤ መልሱ ያው ነበር። ምክንያቱ ኋላ ላይ ሲጣራ፣ ለማረፍ የማያስፈልገው ሌላ ራዳር የኮምፒውተሩን ጊዜ እየተሻማ ኖሯል። በጁላይ 5 ባይሳሳቱ ኖሮ በጁላይ 20 ምን ይሉ ነበር? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ የማክሰኞዋ እጄ ታውቀዋለች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የጠፈርተኞች ሥልጠና የሚባለውን ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እኔ የምሠለጥንበት ክፍል በስድስት እግሮች ላይ የቆመ ነው። ፍጥነት የጨመርኩ እንዲመስለኝ ሲፈልግ በቀስታ ወደ ኋላ ያጋድለኛል፤ የራሴ ክብደት ወንበሩ ላይ ሲጫነኝ ጆሮዬ ይታለላል። ሹትል የተባለው የጠፈር መንኮራኩር ሲሙሌተርም በሂዩስተን እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ የሮኬቱን መነሻ ለማስለመድ ጠፈርተኞቹን በጀርባቸው እስኪተኙ ድረስ ማጋደሉ ነው። እስከዚህ ድረስ ቤተሰብ ነን። ግን ክብደት አልባነትን ማን ይዋሸዋል? ምድር ላይ ሆኖ እሱን የሚያስመስል አንድም ክፍል የለም። ስለዚህ ጉዞውን ቆራርጠው ለተለያዩ ውሸታሞች አከፋፈሉት። አንዱ አውሮፕላን ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል እየጎበጠ በእያንዳንዱ ዙር 25 ሰከንድ ያህል ያንሳፍፋቸዋል። ሌላው ሂዩስተን ያለው ገንዳ ነው፤ 62 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ጥልቀት፣ ከ23 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ፣ ከታቹ የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አምሳያ ክፍሎች። ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክብደታቸው ተመጣጥኖ፣ ሳይሰጥሙም ሳይንሳፈፉም እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ውስጥ ይሠራሉ። ገንዳውም ቢሆን ግማሹን ነው የሚናገረው። ውኃው እጅን ይይዛል፣ ጠፈር ግን አይይዝም። በጭንቅላትህ ከተዘቀዘቅክም ደምህ ወደ ፊትህ ይወርዳል፤ ልብሱ እንጂ አንተ አልተንሳፈፍክማ።

ያም ሆኖ ያ ግማሽ እውነት ምን እንደሚያደርግ 1966 ይመሰክራል። በጁን ጠፈርተኛው ጂን ሰርናን ጀሚኒ 9 ከተባለው መንኮራኩር ወጥቶ ሲሠራ የሚይዘው አጥቶ ጉልበቱ ተሟጠጠ፤ የራስ ቁሩ መስታወት በላቡ ደፈነበት፣ ሥራውን ሳይጨርስ ተመለሰ። በኖቬምበር ኦልድሪን ገንዳ ውስጥ ተለማምዶ በጀሚኒ 12 ወጣና የታዘዘውን ሁሉ ሠርቶ ገባ።

እናቴ በውሸቱ ሰው አይሞትም ትላለች፤ አርምስትሮንግን ግን ሞት ለጥቂት ነው የሳተው። ጨረቃ ላይ ማረፍን የሚለማመዱበት፣ ክንፍ የሌለው፣ በአንድ የጄት ሞተር ስድስት እጅ ከሆነው ክብደቱ አምስቱን የሚሸከም የብረት አጽም ነበር። ሜይ 6 ቀን 1968 መሪውን አልታዘዝ አለው፤ ከመሬት 60 ሜትር ገደማ ላይ በወንበሩ ተፈናጥሮ በፓራሹት ወረደ። ማሽኑ ወድቆ ተቃጠለ። የእሱ ጉዳት ምላሱን መንከሱ ብቻ ነበር። ከተሠሩት አምስት ማሽኖች ሦስቱ ወድመዋል። አለቆቹ ይቅር ቢሉም እሱ አስፈላጊ ነው ብሎ ሞገተ፤ ወደ ጨረቃ ሊሄድ አንድ ወር ሲቀረውም እንደገና በረረበት። ይህን ሰው በዚህ ነው የማከብረው፤ እግሩን ጨረቃ ላይ ከማሳረፉ ይልቅ ወደዚያ አጽም ተመልሶ በመውጣቱ።

በሞስኮ አቅራቢያ ባለችው የከዋክብት ከተማ ደግሞ ሶዩዝ በተባለው የሩሲያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር የሚወጡ ሰዎች የመጨረሻ ፈተናቸውን የሚጀምሩት ከታሸጉ ፖስታዎች አንዱን በመምረጥ ነው። ፖስታው ውስጥ የዕለቱ ብልሽቶች አሉ፤ ሠልጣኞቹ አያዩትም፣ አስተማሪዎቹ ናቸው የሚከፍቱት። ከእነዚህ ተፈታኞች ሁለቱ፣ አሌክሲ ኦቭቺኒንና ኒክ ሄግ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2018 ከባይኮኑር ተነሡ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከጎን ሮኬቶቹ አንዱ ሲለይ ዋናውን ሮኬት መታው። መንኮራኩሩ ራሱን ነጥቆ አወጣቸው። ካሜራው ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሲናወጡ ይታያል፤ የኦቭቺኒን ድምፅ ግን ብልሽቱንና ሰዓቱን ሲያሳውቅ ፈተና ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል። 20 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ካዛክስታን ሜዳ ላይ በሰላም አረፉ፤ በማርች 2019 ደግሞ ሁለቱም አብረው እንደገና ወጡ። ያን ድምፅ ከየት አመጣው ስል ፖስታዎቹ ትዝ አሉኝ።

ስለ ሲሙሌተር የሚያወራ ሰው ሁሉ የማሽኑን ዋጋ ነው የሚያነሣው። ለእኔ ከማሽኑ የሚበልጠው ያቺ ጠባብ ክፍል ናት። ማሽኑ ስህተቴን አወጣው፤ ስህተቴን ስም አውጥቼ እንድጠራው ያደረገችኝ ግን አራት ወንበር ያላት ክፍልና "ምን አየሽ?" የሚል አንድ ሰው ነው። ቤልስንም ያስተማረው ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ጓደኞቹ ፊት ተቀምጦ፣ ተሳስተሃል ሲባል ሰምቶ፣ ሳያኮርፍ ወደ ሥራው መመለሱ ነው።

አሁን ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ከደብተሬ ላይ አንድ ገጽ ቀድጄ በእርሳስ ጻፍኩ። ስንደረደር ፍጥነቴ ከ80 ኖት ሲያልፍ ለመቆም የሚያበቃኝ፦ እሳት። የሞተር መጥፋት። የንፋስ መገለባበጥ ማስጠንቀቂያ። አውሮፕላኑ መብረር አይችልም የሚያሰኝ ነገር። ከሥሩ መስመር አሰመርኩና "ከቪ-ዋን በኋላ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ በታች ያለውን ባዶ ተውኩት።

እናቴ መብራቱን አይታ ገባች። ወረቀቱን አነሣች፣ መነጽሯን ስላላደረገች መልሳ አስቀመጠችው። የማክሰኞውን ነገርኳት። እንዴት እንዳለፍን፣ ቀይ መብራቶቹን፣ ቀጥ ያለውን መስኮት። አልደነገጠችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጥቂት አሰበች።

"ታዲያ ነገም ያንኑ ያደርጉብሻል?"

"ያንኑ ወይም የባሰ።"

"ተዪ አልልሽም" አለችኝ፤ ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ሳበችው። "ሰርቪሱ ስንት ሰዓት ይመጣል?"

"ሌሊት 9 ሰዓት።"

"በ8 እቀሰቅስሻለሁ። ተኚ አሁን።"