የአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ

ከጠዋት ጀምሮ ጦሳ ተራራ አልታየም። ጉሙ እስከ ደሴ ፒያሳ ወርዷል። እኔ ደግሞ በግኛለሁ። ያቺ የቢሮ ሴትዮ ዛሬም ያንኑ ደገመችው። ምን እንዳለች አልጽፍም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ።

ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ ጠበቀኝ። ፈተና አለበት። ያጠናው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንግሊዞች ሲናደዱ የሚሏቸውን አባባሎች። ዛሬውኑ!

«ሂት ዘ ሩፍ» ጣራ መታ ነው፤ በጣም ተናደደ ለማለት። ልጁ ቀና ብሎ አየና «ኮርኒሱን ነው ቆርቆሮውን?» አለኝ። መልስ የለኝም። «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል»ን ግን አስረዳሁት። እጀታው የላላ መጥረቢያ ነው። ሲፈልጡበት ብረቱ ተነቅሎ ይበራል፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። «ሌት ኦፍ ስቲም» የእንፋሎት ሞተር ነው። እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ቦይለሩ ይፈነዳል። «ብሎው ኤ ጋስኬት» ላይ ስንደርስ የልጁ ፊት በራ። ጓርኒሲዮን! አባቱ ሹፌር ነው። ሀረጎን ሲወጣ ሞተሩ ግሎ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዳር የያዘ አይሱዙ ስንቴ አይቷል። ያቺን አባባል መቼም አይረሳትም።

የነሱ ንዴት አብዛኛው ዕቃ ነው። የኛ ደግሞ ሆድ ዕቃ። አንጀት ያራል፣ ጨጓራ ይላጣል። ደሙንስ እነሱም ያፈሉታል።

መጨረሻ ላይ «ሪድ ዘ ራዮት አክት» መጣች። እሷስ የእውነት ሕግ ነበረች። የብሪታንያ ፓርላማ በነሱ አቆጣጠር በ1715 አወጣት፤ በዚያው ዓመት ሥራ ላይ ዋለች። 12 ሰው ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለሁከት የተሰበሰበ ካለ አንድ ሹም ይመጣል። በንጉሡ ስም ተበተኑ የሚለውን አዋጅ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ከዚያ አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ሰዓቱ አልፎም እዚያው የተገኘ ቅጣቱ እስከ ሞት ነበር። ሕጉ ከተሻረ ቆየ። አባባሉ ግን አለ፤ አንዱ ሌላውን ክፉኛ ሲቆጣ ራዮት አክት አነበበለት ይላሉ።

አንድ ሰዓት ሙሉ! ልጁ ወደ ሌላ ገጽ አለፈ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። እናታችን አንድ ደቂቃ እንኳ ሰጥታን አታውቅም።

እናቴ አትጮህም። ስትናደድ ጨዋነቷ ይብሳል። አንቺ የምትላትን ልጇን አንቱ ማለት ትጀምራለች። «እሜቴ፣ ምሳ ቀርቧል፤ ይብሉ እንጂ።» በቃ፣ አለቀልን። እኔና እህቴ እንተያያለን። ያጠፋችው የትኛዋ እንደሆነች አይነገረንም። ቡና ይፈላል። ጎረቤት ይጠራል። ከአቦል እስከ በረካ ትስቃለች፣ ታጫውታለች። ወደኛ ስትዞር ብቻ «እርስዎ»። አባቴ ነገሩ ሲገባው ጫማውን አጥልቆ ውልቅ ይላል። ጎበዝ! እኛ የት እንሂድ? አውፍ በይን ስንላት «ምን አደረጉና?» ትለናለች።

ማለቁን የምናውቀው «አንቺ ልጅ፣ ከሰል አቀብዪኝ» ስትል ነው። ያቺ «አንቺ» እንዴት ትጣፍጥ ነበር! ከሰሉን በሩጫ ነው የምናመጣው። ለምን እንደተቆጣችን ግን እስከዛሬ ያላወቅነው ስንት አለ። ሹሙ ቢያንስ ያነብላቸው ነበር።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ አይቻታለሁ። በልተን፣ ጠጥተን፣ ስቀን ነው የተለያየነው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት የሆነ ነገር አለችኝ። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ይጮሃል፤ በደንብ አልሰማኋትም። እስካሁን አልደወለችም። «ደህና ግቢ» ነው ያለችኝ፣ ወይስ «ደህና ይግቡ»?